ለመብት መሟገት ለሚፈልግ ጀማሪ ጠበቃ፦ እጅ የሚያፍታታ የአሠራር መመሪያ

ከሕግ ትምህርት ቤት ስወጣ የመብት ድንጋጌዎችን በቃሌ እወጣቸው ነበር። ከዚያ አንዲት እናት ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ልጄን ወሰዱብኝ» አለችኝ። የቱን ቀድሜ እንደምጠይቃት አላወቅሁም። ስለ ነፃነት መብት ማስረዳት ጀመርኩ። እሷ ማወቅ የፈለገችው ልጇ የት እንዳደረ ነበር። ማን ወሰደው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ለብሶ ነበር፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ማን አየ፤ እነዚህን የጠየቀቻት አጠገቤ የነበረችው የቢሮው ጸሐፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ባለጉዳይ ስታናግር የኖረች ሴት። ልጁ በማግሥቱ የተገኘውም በእሷ ጥያቄዎች ነው።

ያን ቀን የገባኝን ነው እዚህ የምጽፈው። በመብት ክርክር ውስጥ ትልልቆቹ ቃላት፣ ነፃነት፣ እኩልነት፣ ክብር የምንላቸው፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት። ከእነሱ በፊት ሰው ማናገር አለ። ቀን መቁጠር አለ። ወረቀት መሰብሰብ አለ። ምን እንደሚጠየቅ ለይቶ ማወቅ አለ። ይሄ እንደ ልብስ ስፌት የእጅ ሥራ ነው፤ ተሠርቶ እንጂ ተነቦ አይለመድም። የሕግ ተማሪ ለሆናችሁ፣ ፈቃድ አውጥታችሁ የመጀመሪያውን መዝገብ ለያዛችሁ፣ ወይም በትርፍ ጊዜያችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት ለምትፈልጉ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም የእጅ ሥራው ብዙም አይለያይም። የማነሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጉዳይ ሳይኖራችሁ ችሎት ግቡ

አብዛኛው ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ለአንድ ወር ያህል በሳምንት ግማሽ ቀን ሂዱና ቁጭ በሉ። ስልካችሁን አጥፉ፣ ደብተር ያዙ። ታዋቂ ጉዳይ አትምረጡ። የጊዜ ቀጠሮ፣ የዋስትና፣ የቤት ማስለቀቅ፣ የሥራ ስንብት የሚታይበት ተራ ችሎት ይሻላል። የሰው መብት በብዛት የሚጣሰውም የሚከበረውም እዚያ ነው፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ።

የጠበቃውን ንግግር አትገልብጡ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ዳኛው ምን ጠየቁ፣ ጠበቃው መመለስ ያቃተው የቱን ነው፣ መዝገቡ የተቀጠረው ምን ጎድሎ ነው። ወሩ ሲያልቅ አንብቡት። ዳኞች ደጋግመው የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር መሆኑን ታያላችሁ። መጥሪያው ደርሷል ወይ? ይህን የሚለው የትኛው ሰነድ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው የታሰረው? ምን ብለን እንድናዝ ነው የምትፈልገው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመመለስ ተዘጋጅቶ የሚገባ ጀማሪ፣ ሳይዘጋጅ ከሚገባ አንጋፋ ይሻላል።

ቀን መቁጠርንም እዚያው ተለማመዱ። በ1979 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው የሁሴይናራ ካቱን ጉዳይ የተነሣው ከጋዜጣ ዘገባ ነው። በቢሃር ግዛት እስር ቤቶች ጉዳያቸው ሳይታይ ለዓመታት የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ጥፋተኛ ቢባሉ እንኳ ሊፈረድባቸው ከሚችለው ከፍተኛ ቅጣት በላይ ታስረዋል። ይህን ለማየት ረቂቅ የሕግ ትንተና አያስፈልግም፤ የታሰሩበትን ቀን ከቅጣቱ ጣሪያ ጎን ማስቀመጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ፈጣን ፍትሕ ማግኘት የሕይወትና የነፃነት መብት አካል ነው አለ፣ ሰዎቹም እንዲፈቱ አዘዘ። ችሎት ውስጥ ተቀምጣችሁ የአንድ ታሳሪ ስም ሲጠራ የታሰረበትን ቀን ስሙና ቁጠሩ። ሕጉ ከሚፈቅደው ጋር አነጻጽሩት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳታስቡት ትቆጥራላችሁ።

2. ሰው ማናገር ተማሩ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ከሁሉም የሚናቀውም እሱ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ባለጉዳዩ እንደተቀመጠ ሦስት ነገር ንገሩት። ማን እንደሆናችሁ። የሚነግራችሁ በምስጢር እንደሚያዝ፣ ምስጢር የማይጠበቅበት ሁኔታ በሕጉ ካለም እሱን። እና ዛሬ አናገራችሁት ማለት ጉዳዩን ያዛችሁለት ማለት እንዳልሆነ። ከዚያ «ከየት ብንጀምር ይቀልዎታል?» በሉና ዝም በሉ።

ዝም ማለቱ ነው ልምምድ የሚፈልገው። ሕግ የተማረ ሰው ታሪኩ ገና ሳይጋመስ አንድ አንቀጽ ይታየውና ባለጉዳዩን ወደዚያ አንቀጽ መግፋት ይጀምራል፣ ባለጉዳዩም ምን መስማት እንደምንፈልግ ከፊታችን ያነብና ያንኑ ይነግረናል፣ በመጨረሻ ወረቀታችን ላይ የሚቀረው የእሱ ታሪክ ሳይሆን የእኛ ግምት ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች እስክሪብቶ አታንሡ። ስሙ ብቻ።

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል ነው። አሁን ጻፉ። «ቀኑን አላስታውስም» ካለ አታስጨንቁት። ሰው ቀን አይዝም፣ ክስተት ግን ይይዛል። ከበዓሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ትምህርት ተከፍቶ ነበር? ደመወዝ ወጥቶ ነበር? የዚያን ዕለት ለማን ስልክ ደወሉ? የስልኩ የጥሪ ዝርዝር ቀኑን ከነሰዓቱ ይሰጣችኋል።

ሦስተኛው ዙር ወረቀት ነው። «ያለዎትን ወረቀት ሁሉ፣ የማይረባ የሚመስልዎትንም፣ አንድ ላይ እንየው» በሉ። አንድ ጊዜ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ለአንድ ሰዓት አናግሬ ሸኘሁት። የስንብት ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነበር። እኔ አልጠየቅሁትም፣ ለእሱም አስፈላጊ አልመሰለውም። በሳምንቱ ሲያመጣው አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ካለፈ 2 ቀን ሆኖታል። ያን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳላይ ማንንም ሸኝቼ አላውቅም።

ከመለያየታችሁ በፊት «ይሄ ጉዳይ እንዴት ቢያልቅ ይመርጣሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ይለያል። እናንተ ካሳ ታስባላችሁ፣ ሰውየው ወደ ሥራው መመለስ ይፈልጋል። እናንተ ታሪክ የሚቀይር ፍርድ ታስባላችሁ፣ ሴትየዋ ስሟ ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ ነው የምትለምነው። መብቱ የእነሱ ነው፣ ውሳኔውም የእነሱ ነው።

የተደበደበን፣ የተሠቃየን ወይም የተደፈረን ሰው ስታናግሩ ጥንቃቄው ይጨምራል። ታሪኩን ያለ በቂ ምክንያት ደጋግማችሁ አታስነግሩት። ከባዱን ጥያቄ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ማቆም እንደሚችልም ንገሩት። ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ቅደም ተከተል ያምታታል፣ አንዳንዱን ይዘልላል፣ በሁለተኛው ቀን የተለየ ዝርዝር ይነግራችኋል፤ ይህን ውሸት ብላችሁ አትቸኩሉ። ስትጨርሱ ወደ ዛሬ መልሱት፦ በምን ይሄዳሉ፣ ቤት ማን አለ፣ መቼ እንገናኝ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ዘመድ ወይም አብሮ የታሰረ ሰው አይሁን። ስትናገሩም ዓይናችሁ ባለጉዳዩ ላይ ይሁን፣ አስተርጓሚው ላይ አይደለም።

መለማመጃው ቀላል ነው። ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ባለጉዳይ ይሆናል፣ ታሪኩ ውስጥ ካልተጠየቀ የማይናገራቸውን 5 ፍሬ ነገሮች ወረቀት ላይ ጽፎ ይደብቃል። ሁለተኛው ለ20 ደቂቃ ያናግረዋል። ሦስተኛው ጠያቂው ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ይቆጥራል። መጨረሻ ላይ ከአምስቱ ስንቱ ተገኘ? ብዙ ያቋረጠ ሰው ጥቂት ሲያገኝ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

3. ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ

ይሄኛው አጭር ነው፣ ግን አይዘለልም። ጉዳዩን ከያዛችሁ ምን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደማትሠሩ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ባለጉዳዩ ሐሳቡን ከቀየረ ምን እንደሚሆን በሚገባው ቋንቋ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። በነፃ ስለምትሠሩ አያስፈልግም አትበሉ።

በአላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ በአውቶቡስ የዘር ክፍፍልን ያስቀረው መዝገብ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ለነጭ ተሳፋሪ መቀመጫዬን አልለቅም ያለችው የሮዛ ፓርክስ አይደለም። በ1956 የተወሰነው ብራውደር ከጌይል የሚባለው ክስ ነው፣ ያቀረቡትም ሌሎች ሴቶች ናቸው። ከከሳሾቹ አንዷ ከደረሰባት ጫና የተነሣ ወዲያው ራሷን አገለለች። ጠበቃው ፍሬድ ግሬይም ሳትወክለው ነው የከሰሰው ተብሎ ራሱ ተከሰሰ። በእሱ ላይ የቀረበው ክስ ኋላ ተቋረጠ። ግን ልብ በሉ፣ ጉልበት ያለውን አካል ስትከሱ መጀመሪያ የሚፈለገው የእናንተ ስህተት ነው። የውክልና ወረቀታችሁ የት እንዳለ እወቁ።

4. የጊዜ ሰንጠረዥ ሥሩ

አንድ ወረቀት ወይም የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ክፈቱ። አምስት ዓምድ፦ ቀንና ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ማን ነበረ፣ ይህን በምን እናውቃለን፣ ምን ይጎድላል። በየመስመሩ አንድ ክስተት ብቻ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ወሬ እንጂ ማስረጃ አልያዛችሁም። አምስተኛው ዓምድ ደግሞ የነገ ሥራችሁ ዝርዝር ነው።

ከሰንጠረዡ አናት ላይ በቀይ የምትጽፉት ቀነ ገደቦችን ነው። ይርጋው መቼ ይሞላል? የይግባኝ ጊዜው ስንት ነው? መጀመሪያ ለአስተዳደር አካል ቅሬታ ማቅረብ ግዴታ ነው ወይ? ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ አካል መውሰድ ቢያስፈልግ የሚጠየቀውን ከመጀመሪያው ቀን አንብቡ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 አቤቱታ ተቀባይነት እንዲያገኝ 7 ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ አንዱ የአገር ውስጥ መፍትሔዎችን አሟጦ መምጣት ነው፣ ሥርዓቱ ያለ አግባብ የተጓተተ ካልሆነ በስተቀር። በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ ለአቤቱታ ይሰጥ የነበረው 6 ወር ከ2022 ጀምሮ ወደ 4 ወር አጥሯል። በአሮጌ መጽሐፍ የተማረ ሰው ሁለት ወር ተቆረጠበት ማለት ነው። ቀነ ገደብ ምንጊዜም ከሥራ ላይ ካለው ሕግ ይታያል፣ ከትዝታ አይደለም።

5. ማስረጃው ሳይጠፋ ሩጡ

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከዚህ ሁሉ ቶሎ የሚጠፋው የቱ ነው? እሱን አስቀድሙ። ሰውነት ላይ ያለ የድብደባ ምልክት በቀናት ውስጥ ይደበዝዛል። የደኅንነት ካሜራ ምስል በአዲስ ይሸፈናል። ምስክር ከተማ ይቀይራል። የመሬት ካርታ ግን ሳምንት ቢቆይም እዚያው ነው።

ሰው ከተሠቃየ ሐኪም እንዲያየው በአስቸኳይ ጠይቁ፣ ማየት ከተከለከለም መከልከሉን በጽሑፍ አስመዝግቡ። በ1999 የተዘጋጀውና በ2022 የተሻሻለው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ማሠቃየት እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚመዘገብ ይዘረዝራል። አጠራጣሪ ሞት ሲሆን በ2016 የታደሰው የሚኒሶታ ፕሮቶኮል አለ። ሁለቱንም ጉዳይ ከመምጣቱ በፊት አንብቧቸው። ሰው ፊታችሁ ቁስሉን እያሳያችሁ መመሪያ የምትፈልጉበት ጊዜ አይኖራችሁም።

የስልክ መልእክት ካለ ስክሪንሻት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ስልኩ ራሱ እንዳይጠፋ፣ መልእክቱ እንዳይሰረዝ አድርጉ፣ ማን መቼ እንደገለበጠው ጻፉ። ፎቶግራፍ ለሌላ ሰው ከመላኩ በፊት ዋናው ፋይል ይቀመጥ። ምስክሮችን ለየብቻ አናግሩ። አንድ ላይ ያናገራችኋቸው ሦስት ምስክሮች አንድ ምስክር ሆነው ይወጣሉ።

ማስረጃ ፍለጋ ላይ ከልቤ የማደንቀው ሰው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነው። አሜሪካ ውስጥ የዘር ክፍፍል ሕጋዊ በነበረበት ዘመን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር፣ ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆነውን ቱርጉድ ማርሻልንም ያስተማረው እሱ ነው። በ1934 የፊልም ካሜራ ይዞ ሳውዝ ካሮላይና ወረደና የጥቁርና የነጭ ልጆችን ትምህርት ቤቶች ቀረጸ። «ተለያይተው ግን እኩል» የሚለውን ሕግ በቃል ከመከራከሩ በፊት ሁለቱን ሕንፃዎች ጎን ለጎን አሳየ። እናንተም ቦታው ሂዱ። አንድን የእስር ክፍል በእርምጃ ለክቶ መምጣት ስለ ሰብዓዊ አያያዝ ከሚጻፍ አሥር ገጽ ይበልጣል።

6. መብቱን በታትኑት

«መብቴ ተጥሷል» ክስ አይደለም። የትኛው መብት? ያ መብት ተጣሰ ለማለት ምን ምን መረጋገጥ አለበት? እነዚያን ፍሬ ነገሮች አንድ በአንድ ጻፉና በየአንዳንዳቸው ጎን ከሰንጠረዡ ማስረጃ አስቀምጡ። የምትጠይቁትም በቅደም ተከተል ይሁን፦ ማን መክሰስ ይችላል፣ ማን ይከሰሳል፣ የት፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው ድንጋጌ።

ብዙ መብቶች ገደብ ሊጣልባቸው ይችላል፣ ስለዚህ የመንግሥት ጠበቃ «ሕጉ ይፈቅዳል» ይላል። ያኔ አራት ጥያቄ አላችሁ። ገደቡ በግልጽ ሕግ ተደንግጓል? ዓላማው ሕጋዊ ነው? ለዚያ ዓላማ በእርግጥ ያስፈልጋል? ጉዳቱስ ከዓላማው ጋር ይመጣጠናል? አብዛኛው ክርክር የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው፣ ጀማሪ ግን ጉልበቱን ሁሉ አንደኛው ላይ ይጨርሳል።

የአድልዎ ጉዳይ ሲሆን የሰው ክፉ ሐሳብ ፍለጋ ላይ ብቻ አትቅሩ። በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግሪግስ ጉዳይ ያየው ኩባንያ ለተወሰኑ ሥራዎች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና ፈተና ይጠይቅ ነበር። ላይ ላዩን ለሁሉም እኩል የሆነ መስፈርት ነው። ውጤቱ ግን ጥቁር ሠራተኞችን በብዛት የሚያስቀር ሆነ፣ መስፈርቱም ሥራውን ለመሥራት ማስፈለጉ አልታየም። ፍርድ ቤቱ የማግለል ሐሳብ መኖሩ ባይረጋገጥም ሕገወጥ ነው አለ። ስለዚህ «ለምን እንዲህ አደረጉ?» ብቻ ሳይሆን «መስፈርቱ ማንን አስቀረ፣ ስንቱን?» ብላችሁ ቁጥር ሰብስቡ።

7. የምትጠይቁትን ዳኝነት መጀመሪያ ጻፉ

ይሄ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አንስማማም። እነሱ ዳኝነቱን መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ይጽፋሉ። እኔ ግን ከአቤቱታው ቀድሜ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ የጠየቃችሁትን ሁሉ ቢሰጣችሁ እንኳ ነገ ጠዋት የባለጉዳዩ ሕይወት የማይለወጥ ከሆነ የጠየቃችሁት ስህተት ነው።

ሁለት የደቡብ አፍሪካ ውሳኔዎችን አስተያዩ። በ2000 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በግሩትቡም ጉዳይ መጠለያ ያጡ 390 አዋቂዎችና 510 ሕፃናትን አቤቱታ አይቶ፣ መንግሥት እጅግ ለተቸገሩ ሰዎች የሚሆን ዕቅድ አለማካተቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ዓለም ሁሉ የሚያስተምረው ፍርድ ነው። ትእዛዙ ግን በአብዛኛው ጥሰት መኖሩን የሚያውጅ ነበር። ክሱ በስሟ የሚጠራው አይሪን ግሩትቡም በ2008 የሞተችው ቤት ሳታገኝ ነው። በ2002 ደግሞ ለኤች አይ ቪ ሕክምና የሚሟገተው ድርጅት ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን ባቀረበው ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት፣ ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳው ኔቪራፒን ላይ የተጣለው ገደብ ሳይዘገይ እንዲነሣና መድኃኒቱ በመንግሥት ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንዲሰጥ አዘዘ። ፍርዱን የሚከታተል የተደራጀ ሕዝብም ነበረ።

ስለዚህ ዳኝነታችሁን ስትጽፉ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ፣ ለማን ሪፖርት እንደሚያቀርብ ግለጹ። አስቸኳይ ከሆነ የዕግድ ትእዛዝ ለይታችሁ ጠይቁ። ሰው ከሕግ ውጭ ተይዞ ከሆነ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚጻፍበትን ቅርጽ አስቀድማችሁ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ፤ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ብቻ ሞልታችሁ በዚያው ዕለት እንድታስገቡት።

8. ጽሑፋችሁን ግልጽ አድርጉ

አንድ አንቀጽ፣ አንድ ፍሬ ነገር። አንቀጾቹን ቁጥር ስጧቸው። ቅጽል ቀንሱ። «ተከሳሽ ፍጹም ጭካኔ በተሞላበትና ሰብዓዊነት በጎደለው ሁኔታ ከሳሽን አንገላቷል» ከማለት «ከሳሽ ከግንቦት 3 ቀን ጠዋት 2 ሰዓት እስከ ግንቦት 5 ቀን ማታ ድረስ ውኃ አልተሰጠውም፣ የምስክር ቃል ገጽ 2» ይበልጣል። የመጀመሪያው የእናንተን ስሜት ይናገራል። ሁለተኛው ዳኛው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

ቁጣ ልማድ ሲሆን ጉዳትም አለው። ቅድም ያነሣሁት አንቀጽ 56 አቤቱታው በስድብና በማዋረድ ቋንቋ እንዳይጻፍ በግልጽ ይጠይቃል። ባለጉዳያችሁ የተሰደበ ሆኖ ሳለ በእናንተ አጻጻፍ ምክንያት አቤቱታው ቢመለስ አስቡት።

ረቂቁን ሕግ ላልተማረ ሰው ስጡት። አንብቦ ማን ማንን ምን እንዳደረገና ምን እንደተጠየቀ በራሱ ቃል ከነገራችሁ ጨርሳችኋል። ካልቻለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በመጨረሻም ለባለጉዳዩ አንብቡለት። «እንዲህ አላልኩም» የሚልበት ቦታ ሁልጊዜ አይጠፋም።

9. አፋችሁን አፍታቱ

ምስክር መጠየቅ ሁለት ዓይነት እጅ ነው። ለራሳችሁ ምስክር ዋና ጥያቄ ስታቀርቡ ሰውየው ይናገር፣ እናንተ ጥጉን ብቻ ያዙ፦ የት ነበሩ፣ ምን አዩ፣ ከዚያስ? የመስቀለኛ ጥያቄ ግን ተቃራኒው ነው። በአንድ ጥያቄ አንድ ፍሬ ነገር፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም፣ መልሱን የምታውቁትን ብቻ። ለምሳሌ ሰው የተያዘበት ሰዓት አከራካሪ ሆኖ የጥበቃ ኃላፊው ቀረበ እንበል። «መዝገቡን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት?» አዎ። «ሰው ሲገባ ሰዓቱ ይመዘገባል?» አዎ። «ሁሌም?» አዎ። «የዚህ ሰው ስም ጎን ያለው የሰዓት ቦታ ባዶ ነው?» አዎ። እዚህ ላይ ተቀመጡ። «ለምን ባዶ ሆነ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መውጫውን በር ከፈታችሁለት።

የጠበቃ እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የጌዲዮንን ጉዳይ ያየ አይጠራጠርም። ጌዲዮን የተባለ ድሃ አሜሪካዊ ጠበቃ ሳይቆምለት ተፈርዶበት፣ ፍሎሪዳ እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1963 ፍርድ ቤቱ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ጠበቃ ይቁምለት አለ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ እንደገና ሲታይ የቆመለት ጠበቃ ዋናውን የዐቃቤ ሕግ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ፈተነው፣ ጌዲዮንም ነፃ ወጣ። ሰውየው ያው ሰው ነው፣ ክሱም ያው ክስ።

ዳኛ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ መልሱን ስጡ፣ ማብራሪያው ይከተላል። «አዎ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምክንያቱም...» ወደሚለው ለመድረስ ሦስት ደቂቃ የሚዞር ጠበቃ ዳኛውን ያጣል። ከእውነተኛው ችሎት በፊት ባልደረቦቻችሁን ዳኛ አድርጋችሁ ሰይሟቸው፣ በጣም አስቸጋሪውን ጥያቄ እንዲያወጡ ለምኗቸው። ማርሻልና ባልደረቦቹ በ1954 በተወሰነውና በትምህርት ቤት የዘር ክፍፍልን ሕገወጥ ባደረገው የብራውን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመቆማቸው በፊት ሃዋርድ ላይ እንዲህ ተለማምደዋል፣ ያን ሁሉ ዓመት ከተሟገቱ በኋላ። እናንተም በስልካችሁ ራሳችሁን ቅዱና አዳምጡት። «እንግዲህ» እና «በመሠረቱ» ስንት ጊዜ እንዳላችሁ ስትቆጥሩ ትደነግጣላችሁ።

10. ብቻችሁን አትሥሩ

ከሕግ ትምህርት ቤታችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል፣ ከጠበቆች ማኅበር፣ እስር ቤት ከሚጎበኝ ቡድን ጋር ተጣበቁ። ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ አጣሩ፦ የጻፍኩትን አንብቦ የሚያርምልኝ ሰው አለ ወይ? ከሌለ ሥራ እንጂ ትምህርት አታገኙም። የሚያርማችሁን ሰው ስታገኙ ረቂቃችሁን ከነእርማቱ አስቀምጡ፤ ተመሳሳይ እርማት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ያ ነው ድካማችሁ።

የተጎዱትን ማኅበረሰቦችም አስተማሪ አድርጓቸው። የቤት ሠራተኞች፣ የአካል ጉዳተኞች፣ የታሳሪ ቤተሰቦች ከእናንተ በፊት ያንኑ መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንተዋል። የትኛው መስኮት መልስ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቃል ፋይል እንደሚያስከፍት ያውቃሉ። ስብሰባቸው ላይ ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ፣ እስክትጠየቁ አትናገሩ።

የምትሰሙት ነገር እንደሚከብዳችሁም ከአሁኑ እወቁት። እንቅልፍ ሲጠፋ፣ የባለጉዳይ ስልክ ማንሣት ሲያስጠላ፣ ወይም የሰው መከራ ምንም ሳይሰማችሁ ሲቀር ምልክቱ ያ ነው። ምስክር ላይ የማትጭኑትን ሸክም ራሳችሁ ላይ አትጫኑ። ከባድ ቃል በተቀበላችሁበት ቀን ምስጢሩን ሳታወጡ ስለ ራሳችሁ ስሜት ከባልደረባ ጋር 15 ደቂቃ አውሩ። ሁለት ከባድ ቃለ መጠይቅ በአንድ ቀን አትቅጠሩ።

መዝገቡ ሲዘጋ፣ አሸንፋችሁም ተሸንፋችሁም፣ ባለጉዳዩን ጥሩት። ምን እንደተወሰነ፣ ይግባኝ እስከ መቼ እንዳለው በሚገባው ቋንቋ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ዋናዎቹን ሰነዶች አንድ በአንድ ቆጥራችሁ መልሱለት፣ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርም። ኮፒዎቹን ቆልፉባቸው። ከዚያ ደብተራችሁን አውጡና በሚቀጥለው ጉዳይ ላይ ቀድማችሁ የምትጠይቁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ።